ጎልማሳው ከሰርተፍኬቱ በኋላ ምን ያነባል?



እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ የጎልማሶች ትምህርት ፕሮግራም እንዴት ይታቀዳል፣ እንዴትስ ይሻሻላል የሚል ነው። ጉዳዩ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም ልነካካ ብሞክር አንዱንም ሳልጨብጥ ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ጎልማሳው ፊደል ለይቶ፣ ተፈትኖ፣ ሰርተፍኬቱን ከተቀበለ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ምን ያነባል? ምንስ ይጽፋል? የፕሮግራም ዕቅድ መነሣት ያለበት ከዚህ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉም፣ የመማሪያ ሰዓቱም፣ በየመማሪያ ጣቢያው የሚያስተምረው አመቻች የሚያገኘው ሥልጠናም፣ ፈተናውም መቀረጽ ያለባቸው ለዚህ ጥያቄ በምንሰጠው መልስ ነው። በአገራችን የታቀዱት ፕሮግራሞች ግን በአብዛኛው ስንት ሰው እንመዝግብ ከሚለው ነው የተነሡት።

ይህን ስል ከእኛ በፊት የደከሙትን ለመንቀፍ አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን የትምህርት ታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው ሥራ ነው። እዚህ ካላችሁት አንዳንዶቻችሁ ዘምታችሁበታል፤ የብዙዎቻችሁ እናትና አባት ተምረውበታል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1967 ዓ.ም. የተነሣው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቶ መንገዱን ከፍቶለት ነበር። የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ በአምስት ቋንቋዎች ጀምሮ ወደ 15 አደረሳቸው። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐዲያኛ፣ ሲዳምኛና ሌሎችም በፊደል ተጽፈው ገበሬው እጅ ገቡ። በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ለዘመቻው ዓለም አቀፍ ሽልማት ሰጠው። ይገባው ነበር። አያታቸው አጠገብ ቁጭ ብለው «ሀ» ያስቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዛሬም በሕይወት አሉና ልናመሰግናቸው ይገባል።

ታዲያ ውጤቱ የት ደረሰ? መንግሥት በዘመኑ ባወጣው መግለጫ፣ ከ90 በመቶ በላይ የነበረው መሃይምነት ወደ ሩብ ገደማ ወርዷል ተብሎ ነበር። ዓመታት አልፈው በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 42 በመቶው፣ ከወንዶቹ ደግሞ 69 በመቶው ማንበብ እንደሚችሉ አገኘ። ሁለቱን ቁጥሮች አንዱን ከሌላው መቀነስ አይቻልም። ትውልዱ የተለያየ ነው፤ መለኪያውም የተለያየ ነው። እኔ የማተኩረው በመለኪያው ልዩነት ላይ ነው። የጥናቱ ጠያቂዎች ከፍ ያለ ትምህርት ለሌለው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ካርድ ሰጥተው «አንብብልኝ» ይሉታል። ካነበበ አነበበ፤ ካላነበበ አላነበበም። ከዓመታት በፊት ሰርተፍኬት መቀበሉ እዚያ ቦታ ላይ ዋጋ የለውም። ካርዱን ይዞ የሚቸገር ሰው በአንድ ወቅት የተመዘገበ፣ የተማረ፣ የተፈተነና ያለፈ ሊሆን ይችላል።

የተማሩትን መርሳት ለምን መጣ? ጦርነቱ፣ ድርቁ፣ የመንግሥት ለውጡ ሁሉም ድርሻ አላቸው። በአንዳንድ ቦታ ሰው ወደ ጣቢያው የሚሄደው የገበሬ ማኅበሩን ቅጣት ፈርቶ ስለነበር፣ ፍርሃቱ ሲነሣ ትምህርቱም ተነሣ። የዘመቻው አዘጋጆች ጉዳዩን አልዘነጉትም ነበር፤ ድኅረ መሠረተ ትምህርት የሚባለውን ምዕራፍ ጀምረው በየገጠሩ የንባብ ክፍሎች ከፍተዋል። ግን ንባብ ክፍል ቤቱ ብቻ አይበቃውም፤ በየወሩ አዲስ ነገር መግባት አለበት። መደርደሪያው ላይ የተቀመጡት ጥቂት ቡክሌቶች ሁለት ጊዜ ከተነበቡ በኋላ ሦስተኛ ጊዜ የሚመጣ አንባቢ አይኖርም። ከቤቱ ግድግዳ እስከ ገበያው ድረስ አንድም ጽሑፍ የማያይ ሰው ፊደሉን በምን ይያዘው? የማይጠጣ ተክል ይደርቃል፤ ጥፋቱም የተክሉ አይደለም።

እኛ ግን ጥፋቱን ለተማሪው የመስጠት ልማድ አለን። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እያልን፣ ያቋረጠውን ሁሉ ፍላጎት ያጣ አድርገን እንጽፈዋለን። በሪፖርቶቻችን ላይ የማቋረጥ ምክንያት ተብሎ የሚሞላው «የግንዛቤ ማነስ» የሚለው ሐረግ በእውነት ያሳዝነኛል። ጎልማሳ ልጅ አይደለም። ልጅ ወላጁ ስለላከው ይመጣል፤ ጎልማሳ ግን ለራሱ ያሰላል። የዛሬው ምሽት ከበሬው፣ ከእንጀራው፣ ከታመመው ልጁ፣ ከእድሩ ጋር ተመዝኖ ትምህርቱ ካነሰበት አይመጣም። አለመምጣቱ ፍርድ ነው። ዕቅድ አውጪ ሊሰማው የሚገባው ትልቁ ግምገማም እሱ ነው፤ ሳይከፍል የሚያገኘው፣ በየሳምንቱ የሚታደስ ግምገማ። ማን በየትኛው ሳምንት ቀረ፣ የትኛው ትምህርት ላይ ቀረ፣ በዚያ ሳምንት በቀበሌው ምን ነበር? ይህን የመዘገበ ጣቢያ በዓመቱ መጨረሻ ምን ማሻሻል እንዳለበት ለመጠየቅ ሌላ አጥኚ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ፍላጎት ዳሰሳ ልሂድ፤ እዚህ ላይ ጠለቅ ማለት እፈልጋለሁ። የተለመደው አሠራር ቅጽ ይዞ መሄድና «ምን መማር ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጨዋ ሰው መልሱን ያውቀዋል። «ማንበብና መጻፍ» ይላል። «ስለ ዘመናዊ አስተራረስ» ይላል። ጠያቂው ከግብርና ከሆነ ስለ ማዳበሪያ፣ ከጤና ከሆነ ስለ ክትባት ይነግረዋል። እንግዳን ባዶ እጁን አይመልስም። እኛም መልሱን ተሸክመን መጥተን ሥርዓተ ትምህርት እናወጣበታለን።

እኔ የምመክረው ጥያቄ ሌላ ነው። «ባለፈው ሳምንት ምን ምን ነገር ሰው አስነበብክ? ምንስ ሰው አጻፍክ?» በሉት። እንዲህ ስትጠይቁ መልሱ ወዲያው ይለወጣል። አንዷ የስልክ መልእክት ለጎረቤት ልጅ አሳይታለች፤ ገንዘብ ከልጇ በቴሌብር ተልኮላት፣ የሚስጥር ቁጥሯን ለባለሱቁ ነግራ እሱ አውጥቶላታል። ሌላው ከጤና ጣቢያ የመጣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን አስነብቧል። አንዱ የእድሩ ገንዘብ ያዥ እንዲሆን ሲመረጥ መዝገብ መያዝ ስለማይችል ለወንድሙ አሳልፎ ሰጥቷል። አንዷ የመሬት ይዞታ ደብተሯ ላይ ስሟ ከባሏ ስም ጋር መግባቱን ሰው እንዲያረጋግጥላት ጠይቃለች። አንዱ የልጁን የፈተና ውጤት ራሱ ልጁ አንብቦለታል፤ እውነቱን ይሁን ውሸቱን አያውቅም። አንዷ ዳዊት መድገም ትመኛለች፤ ሌላዋ መንዙማውን ከወረቀት ላይ ማንበብ ትሻለች። እነዚህን ሃያ ሠላሳ መልሶች ሰብስቡ። የመጽሐፋችሁ ምዕራፎች ናቸው። ከዚያም በላይ፣ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ የሚያነባቸው ነገሮች እነሱ ስለሆኑ፣ በመጀመሪያ ያነሣሁት ጥያቄ እዚሁ ላይ ግማሽ መልሱን ያገኛል።

ይህ ለምን አስፈላጊ እንደሆነ አንድ የቆየ ታሪክ ያስረዳናል። ጳጉሜን 3 ቀን 1957 ዓ.ም. የዓለም የትምህርት ሚኒስትሮች ቴህራን ላይ መሃይምነትን ስለማጥፋት መከሩ። ዓለም አቀፉ የመሠረተ ትምህርት ቀን በየዓመቱ በዚያው ዕለት የሚከበረው ለዚህ ነው። ከጉባኤው በኋላ ዩኔስኮ በ11 አገሮች የሙከራ ፕሮግራም ከፈተ፤ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ሙከራው በአቃቂ የፋብሪካ ሠራተኞችን፣ በወላይታ ገበሬዎችን፣ በጅማ በኩል ደግሞ ቡና አምራቾችን ይዞ ተነሣ። ሐሳቡ ያማረ ነበር፦ ማንበብ ከሥራ ጋር ከተያያዘ ሰው ይተጋል፣ ምርትም ያድጋል። ነገር ግን በ11ዱ አገሮች ከተመዘገቡት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የታሰበው ደረጃ ላይ የደረሱት 120 ሺህ ገደማ ብቻ ሆኑ። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ግምገማ ራሱን አልማረም። ሰውን አምራች ብቻ አድርገን አየነው፤ እናት፣ አማኝ፣ ጎረቤት፣ ዜጋ መሆኑን ዘነጋን ወደሚል ድምዳሜ ነበር የደረሰው።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የያዝነውን የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ስናሻሽል ይህን ልብ ልንል ይገባል። ትምህርትን ከጤናና ከግብርና ጋር ማቀናጀቱ ትክክል ነው፤ እደግፈዋለሁ። ችግሩ ተግባር የሚለውን ስናጠበው ነው። ቡና አብቃዩ ስለ ቡና ከእኛ የበለጠ ያውቃል። ስለ ቡና አስተራረስ የተጻፈ ምንባብ ብንሰጠው በትሕትና ያነበዋል እንጂ አዲስ ነገር አያገኝበትም። ቡናውን ሲሸጥ የሚቀበለው ደረሰኝ፣ የሚዛኑ ቁጥር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዓመታዊ ሒሳብ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ ማንበብ መቻሉ ኃይል ይሰጠዋል።

ከቡና ሳልወጣ ስለ ማስተማሪያ ዘዴ ጥቂት ልበል። ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ በ1963 እ.ኤ.አ. አንዢኩስ በምትባል የሰሜን ምሥራቅ ከተማ 300 የሚሆኑ የጉልበት ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ትምህርት ፊደል እንዳስቆጠረ ይነገርለታል። በቀጣዩ ዓመት ወታደሮች ሥልጣን ያዙና ፍሬሬን አሰሩት፤ ፕሮግራሙም ተዘጋ። የፍሬሬ ጥበብ ከማስተማሩ በፊት ሄዶ ማዳመጡ ነው። ሰዎቹ በየቀኑ የሚሏቸውን፣ ሕይወታቸውን የያዙ ጥቂት ቃላት መረጠ። ከዚያ ቃላቱን በክፍለ ቃላት ከፍሎ፣ ከክፍለ ቃላቱ አዳዲስ ቃል እንዲሠሩ አደረጋቸው።

የእኛ ፊደል ለዚህ ዘዴ እጅግ የተመቸ ነው። 33ቱን ፊደላት በሰባት አባዝተን፣ ዲቃሎቹን ሳንጨምር 231 ቅርጾችን ከላይ እስከ ታች አስቆጥረን ከዚያ ወደ ቃል መግባት የቆየ መንገዳችን ነው። ለሕፃን ጊዜ አለው። ለጎልማሳ ግን ወራት አልፈው አንዲት የምትረባ ቃል ሳያነብ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። «ቡና» ከሚለው እንጀምር። ሰሌዳ ላይ ጻፉት። «ቡ» ከቤተሰቧ ጋር ትምጣ፦ በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ። «ና»ም እንዲሁ፦ ነ ኑ ኒ ና ኔ ን ኖ። ቅርጾቹ 14 ብቻ ናቸው። አሁን ተማሪዎቹን ቃል አውጡ በሏቸው። አንዱ «ንብ» ይላል። ሌላው «ቦና» ይላል። ትንሽ ቆይታ አንዷ «ንባብ» ብላ ታወጣለች፤ ካላወጣች አመቻቹ ያግዛታል። «ተ»ን ከነቤተሰቧ ስትጨምሩ «ቤት»፣ «ቡና ቤት»፣ «ተነበበ» ይመጣሉ። «አ» ስትገባ «አባት» እና «አነበበ» ይከተላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ሰውየው ማንም ያልነገረውን ቃል በራሱ ፈጥሮ አንብቧል። ያ ቀን የሚሰጠው ኩራት በማንኛውም ቅስቀሳ አይገኝም። ፊደሉን በሙሉ በረድፍ ማወቁ አይቀርበትም፤ ቃሉ ከፊት ይሂድ፣ ረድፉ ይከተል ነው የምለው። ሲዳምኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ በላቲን ፊደል የምታስተምሩም ከየቋንቋችሁ ቃል ተነሥታችሁ ተመሳሳይ ሥራ መሥራት ትችላላችሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ በፕሮግራሞቻችን ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው። ፊደል መለየት ማንበብ አይደለም። «ነ... ገ... ደ...» እያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ብዙ ጊዜ የሚፈጅበት ሰው፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ድምፁን አውጥቷል እንጂ ሐሳቡን አላገኘም። ሄለን አባድዚ በ2003 እ.ኤ.አ. ለዓለም ባንክ ባዘጋጀችው ጥናት ይህን በሚገባ አስረድታለች። የሰው የቅርብ ጊዜ ትውስታ ጠባብና አጭር ስለሆነ፣ ንባቡ ካልፈጠነ ትርጉሙ አይያዝም። ለመፍጠን ደግሞ ድግግሞሽ ያስፈልጋል፤ ለጎልማሳ ከልጅ የበለጠ ድግግሞሽ። ሰርተፍኬት የምንሰጠው ብዙውን ጊዜ ሰውየው ፊደል ለይቶ ገና ፍጥነት ሳያገኝ ነው። በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት እንለቀዋለን። እኔ ከጠየቃችሁኝ ከፕሮግራሙ ሁለት ዓመታት የሁለተኛው አብዛኛው ሰዓት ለንባብ ልምምድ መዋል አለበት። አዲስ ትምህርት ቀንሱ። ያው ምንባብ በጥንድ፣ በቡድን፣ በየተራ፣ ጮክ ብሎ፣ ደግሞ ደጋግሞ ይነበብ። ዓይናቸው የደከመ ጎልማሶችም አሉ። ሩቁን እያዩ ቅርቡን ለማየት የሚቸገሩ ሰዎች መነጽር እንጂ ምክር አያሻቸውም። በሰው ዕድሜ አርባው ካለፈ በኋላ ይህ የተፈጥሮ ነገር ነውና፣ የማንበቢያ መነጽር ለማስተማሪያ ዕቃ ከሚያዘው በጀት ውስጥ ከጠመኔ ጎን ቢገባ ደስ ይለኛል።

ንባብ በየትኛው ቋንቋ ይጀመር ለሚለው ደግሞ ባሕር ተሻግረው የተማሩ ወገኖቻችንን ላንሣ። በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለቱ ታላላቅ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ከተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን መካከል በአማርኛም በትግርኛም ማንበብ ያልተማሩ ብዙ ጎልማሶች ነበሩ። ኡልፓን በሚባለው የዕብራይስጥ ቋንቋ ትምህርት ቤት ሲገቡ ሦስት ሸክም በአንድ ላይ ተጫነባቸው፤ የማያውቁት ቋንቋ፣ የማያውቁት ፊደል፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ጽሕፈት። ዕብራይስጥ በተለመደው ጽሕፈት አብዛኛውን አናባቢ አይጽፍም፤ ቃሉን ቀድሞ የማያውቅ ሰው አንብቦ ሊያገኘው ይቸገራል። ማንበብ በሚያውቁት ቋንቋ መጀመር የሚቀልለው ለዚህ ነው፤ አንዴ በራስ ቋንቋ ማንበብ የቻለ ሰው ሁለተኛውን ፊደል ሲማር ማንበብ ምን እንደሆነ ከእንግዲህ አይማርም። በአሜሪካና በአውሮፓ ለአረጋውያን ትምህርት የምታዘጋጁ ወገኖችም ብትኖሩ ይህን ብታስቡበት መልካም ነው። እናታችሁን እንግሊዝኛ ከማስተማራችሁ በፊት በአማርኛ ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ጠይቋቸው።

ስለ ጊዜ። ሥራ ላይ ያለ ጎልማሳ ትርፍ ሰዓት የለውም፤ እሱ ባለው ሰዓት ውስጥ ግን ቦታ ይገኛል። ሞፈር የማይነሣባቸው ቀናት በየአካባቢው ይታወቃሉ። ብዙ ክርስቲያን ገበሬዎች በወር በ12፣ በ21፣ በ27ና በ29 አያርሱም። በሙስሊሙ አካባቢ አርብ ከሰዓት በኋላ ሰው ተሰብስቦ ይገኛል፤ በረመዳን ደግሞ ምሽቱ የተያዘ ነው። የገበያው ቀን አለ። የመኸር ወር አለ። ከክልል የወረደ አንድ ወጥ የጊዜ ሰሌዳ እነዚህን አያውቃቸውም። ሰሌዳውን የጣቢያው ተማሪዎች ራሳቸው ያውጡት፤ ወረዳው ጠቅላላ ሰዓቱን ብቻ ይቆጣጠር።

ለሴቶቹ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ውኃው፣ ወፍጮው፣ ምጣዱ፣ ልጁ የሚለቃት ሲመሽ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ መንገዱ ያሰጋል። በ1991 እ.ኤ.አ. በህንድ ታሚል ናዱ ውስጥ ፑዱኮታይ በሚባል ወረዳ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲካሄድ፣ የወረዳው አስተዳዳሪ ሺላ ራኒ ቹንካት አንድ ያልተለመደ ነገር በዘመቻው ውስጥ አስገባች፤ ሴቶቹ ብስክሌት መንዳት ይማሩ ዘንድ አደረገች። ባንኮችም ለብስክሌት መግዣ እንዲያበድሩ ገፋፋች። ድንጋይ ፈላጮች፣ የእርሻ ሠራተኞች፣ የጤና ሠራተኞች ብስክሌት ላይ ወጡ። ውኃውን በብስክሌት አመጡ፣ ልጁን በብስክሌት ወሰዱ፣ ትምህርቱም ጋ ደረሱ። ያቺ አስተዳዳሪ የገባት ነገር ግልጽ ነው፤ ሴቶቹ የሚቀሩት ፊደሉ ከብዷቸው ሳይሆን በቤታቸውና በጣቢያው መካከል ያለው ነገር ከብዷቸው ነው። የእኛ አካባቢ መልስ ብስክሌት ላይሆን ይችላል። ጣቢያውን ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ማድረግ፣ ልጅ የሚይዝ ሰው መመደብ፣ ሴቶቹ ቀድሞም ከሚሰበሰቡበት ማኅበር ጋር ማያያዝ ሊሆን ይችላል። ዕቅዱ ላይ ግን በስም ተጽፎ፣ ገንዘብ ተመድቦለት መታየት አለበት።

ስለ አመቻቾች ረጅም ነገር አልናገርም፤ እዚህ ተቀምጣችሁ ስላላችሁ ታውቁታላችሁ። የሚከፈላችሁ ያንሳል፤ በጊዜውም አይደርስም። ሥልጠናው ጥቂት ቀን ሆኖ ከዚያ ማንም አይጎበኛችሁም። ጥሩ አመቻች ሌላ ሥራ እንዳገኘ ቢሄድ አይፈረድበትም። ፕሮግራም ላሻሽል የሚል አለቃ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር፣ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ፈተናን በተመለከተ ግን አንድ ምሳሌ ላክል። ኩባ በ1961 እ.ኤ.አ. ባካሄደችው ዘመቻ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎችን አስተማረች፤ ብዙዎቹ አስተማሪዎች ከከተማ የመጡ ልጃገረዶችና ወጣቶች ነበሩ። የመጨረሻው ፈተና ደብዳቤ መጻፍ ነበር፤ ለፊደል ካስትሮ። ደብዳቤዎቹ ዛሬም ሃቫና በሚገኘው ሙዚየም አሉ። ስለ ፖለቲካው የየራሳችን አስተያየት ይኖረናል፤ ፈተናው ግን የሚያስቀና ነው። እውነተኛ አንባቢ ያለው፣ እውነተኛ ጽሑፍ ነው። ኩባ ደግሞ እዚያ ላይ አላቆመችም፤ የተማሩትን እስከ ስድስተኛ ክፍል የሚያደርስ ቀጣይ ትምህርት ዘረጋችላቸው። የእኛም ተመራቂ ቢፈተን ውጭ አገር ላለችው ልጁ ደብዳቤ ይጻፍ። ለቀበሌው ስለ መንገዱ ማመልከቻ ይጻፍ። የእድሩን መዝገብ አንድ ወር ይያዝ። ቴሌብር ላይ የራሱን የሚስጥር ቁጥር ራሱ አስገብቶ ሒሳቡን ይይ። ያን ያደረገ አለፈ በሉት። ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ሃያ ሰዎችን በዕጣ መርጣችሁ ያንኑ ጠይቋቸው። የሁለተኛው ጊዜ ውጤት በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይውጣ፤ ዞኑም ወረዳዎችን የሚያወዳድረው በእሱ ይሁን።

የመጨረሻው የቀረኝ ነገር የሚነበበው ነው። መጽሐፍ ማሳተም ውድ ነው፣ ይዘገያል፣ ከመድረሱ በፊትም ያረጃል። አንድ ወረቀት ግን ርካሽ ነው። በየሁለት ሳምንቱ በትልልቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት ገጽ ወረዳው ያውጣ። ምን ይጻፍባታል? የገበያ ዋጋ፤ የጤፍ፣ የቡና፣ የበግ። የክትባት ቀን። የጠፋ በሬ። የሞተና የተወለደ። የመሬት መለኪያ ቡድን መቼ የትኛው ቀበሌ እንደሚደርስ። ከተማሪዎቹ አንዱ የነገረው ተረት፣ ስሙ ከሥሩ ተጽፎ። የሰው ስም ያለበት ወረቀት ይፈለጋል፣ ይቀመጣል፣ ለጎረቤት ይነበባል። የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቱ ያትመው፤ ጤናውና ግብርናው መረጃውን ይስጡ፤ መቀናጀት ማለት በእኔ ግንዛቤ ይህ ነው። ገጹ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ አጥር ላይ ይለጠፍ። ቅጂዎቹ ደግሞ በጣቢያው ተማሪዎች እጅ ይግቡ፤ የተመረቁትም ይድረሳቸው።

ወረዳዎቻችሁ ይህን ለመሞከር ከፈለጋችሁ ጊዜውን ከአሁኑ አስቡበት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል። የወረቀቱና የማባዣው ወጪ፣ ገጹን የሚያዘጋጀው ሰው ደመወዝ፣ የጉብኝቱ ትራንስፖርት ከዚያ በፊት በዕቅዱ ውስጥ ካልገባ ገንዘቡ ለሌላ ይውላል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በሁለት ወይም በሦስት ጣቢያ ብቻ ብትጀምሩ እመርጣለሁ። ከጀመራችሁ ግን ገጹ አንድ ጊዜም ሳይቋረጥ ዓመቱን ሙሉ ይውጣ። ናሙናውን እንዴት እንደምታዘጋጁ፣ ምን ያህል ፊደል በአንድ መስመር ቢሆን ለጀማሪ እንደሚመች፣ ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ በየቡድናችሁ ሆነን እንሠራዋለን።